መጽሐፍን በታብሌት ስለ ማንበብ

(በራዲዮ ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የብዙ ሰዎችን ኪስ፣ ዐይን፣ እንቅልፍና የንባብ ልማድ የሚነካ ነው። ይኸውም፣ በኤሌክትሮኒክ የተዘጋጁትን መጻሕፍት ለማንበብ ለንባብ ብቻ ተብሎ የተሠራውን መሣሪያ መግዛት ያስፈልጋልን? ወይስ አስቀድሞ በእጃችን የሚገኘው ታብሌት ይበቃል? የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ ከሚያነሡት መካከል ብዙዎቹ ቀኑን በፋይልና በስብሰባ ሲደክሙ ውለው፣ ከምሽታቸው አንድ ሰዓት ለንባብ ለማትረፍ የሚታገሉ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። እንዲህ በድካም የተገኘች ሰዓት በከንቱ እንዳትጠፋ መመካከር ተገቢ ነው። በዚህ ንግግር የማነሣቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። መጽሐፍን በኮምፒዩተር አስቀምጦ ለማንም አንባቢ በነፃ የማዳረስ ሥራ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ማይክል ሃርት የአገሩን የነፃነት መግለጫ በኮምፒዩተር ጽፎ ለሌሎች እንዲደርስ አደረገ። ከዚህም ሥራ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለው የመጻሕፍት ስብስብ ተወለደ። ነገር ግን ኮምፒዩተር በጠረጴዛ ላይ የተተከለ ዕቃ በነበረበት ዘመን፣ ረዥም ታሪክ ከመስኮቱ ፊት ተገትሮ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነበር። መጽሐፍ በጭን ላይ የሚቀመጥ፣ በአልጋ ላይ የሚገለጥ፣ በመንገድ ላይ የሚያዝ ነገር ነውና።

ይህን ችግር ለማቃለል ሁለት መንገዶች ተከፈቱ። አንደኛው መንገድ ወረቀትን የሚመስል መስኮት መሥራት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ኢ ኢንክ የተባለ ኩባንያ በአሜሪካ ተቋቋመ፤ በ2004 ዓ.ም. ሶኒ በዚሁ ጥበብ የተሠራ የንባብ መሣሪያ በጃፓን ለገበያ አቀረበ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አማዞን ኪንድል የተባለውን አወጣ። ሁለተኛው መንገድ ኮምፒዩተሩን ራሱን አሳንሶ በእጅ የሚያዝ ሰሌዳ ማድረግ ነበር። ምንም እንኳ ከዚያ በፊት ሌሎች የሞከሩት ቢሆን፣ ታብሌት በሕዝብ ዘንድ የታወቀው አፕል በ2010 ዓ.ም. አይፓድ የተባለውን ካወጣ በኋላ ነው።

የሁለቱ መሣሪያዎች ልዩነት በብርሃን ላይ ነው። በንባብ መሣሪያው መስኮት ውስጥ እንደ ጠጉር ውፍረት የቀጠኑ፣ ለቁጥር የሚያታክቱ እንክብሎች አሉ። በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ነጭና ጥቁር ብናኞች በጠራ ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። የኤሌክትሪክ ጠባያቸው ተቃራኒ ስለሆነ፣ ከበታች ኃይል ሲነካቸው ጥቁሮቹ ወይም ነጮቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ፊደሉም በዚህ ይሣላል። አንድ ጊዜ ከተሣለ በኋላ ገጹ እስኪገለበጥ ድረስ ኃይል አይፈልግም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተሞላ ባትሪ ለሳምንታት ያገለግላል። ዐይናችን የሚያየውም ልክ እንደ ወረቀት፣ ከፀሐይ ወይም ከመብራት መጥቶ በመስኮቱ ላይ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን ነው። በኋላ የተሠሩት ለጨለማ ጊዜ የሚሆን ትንሽ መብራት ከጎን ተጨምሮላቸዋል።

ታብሌቱ ግን ብርሃኑን ከራሱ ከውስጥ ወደ ዐይናችን ይልካል። ስለዚህ ቀለማትን ሁሉ አድምቆ ያሳያል፤ ሥዕልን ያንቀሳቅሳል፤ በጨለማም ያለ ሌላ መብራት ይነበባል። በፀሐይ ፊት ግን መስተዋቱ ያብረቀርቅና የራሳችንን መልክ መልሶ ያሳየናል፤ ባትሪውም የሚቆየው ለሰዓታት እንጂ ለሳምንታት አይደለም። ክብደቱም ከፍ ይላል። የመጀመሪያው ኪንድል 300 ግራም የማይሞላ ሲሆን የመጀመሪያው አይፓድ 680 ግራም ይመዝን ነበር። ዛሬ ሁለቱም ቀለዋል፤ ሆኖም በአንድ እጁ ይዞ ለረዥም ጊዜ የሚያነብ ሰው ልዩነቱን በክንዱ ያውቀዋል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁትን የሰማ አድማጭ፣ «እንግዲያውስ የንባብ መሣሪያው ይበልጣል» ቢል አይፈረድበትም። ለእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አንባቢ ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ለአማርኛ አንባቢ ግን ሚዛኑ ወደ ሌላ ወገን ያዘነብላል። ምክንያቱን ላስረዳ።

የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው ዓይነት ፊደሉ እንደ ውሃ የሚፈስ ነው፤ አንባቢው ፊደሉን ባሳደገው መጠን መስመሩ ራሱን አስተካክሎ ከመስኮቱ ስፋት ጋር ይስማማል። ሁለተኛው ዓይነት የታተመውን ገጽ እንዳለ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚያስቀምጥ ነው። በእጅ ለእጅ የሚዘዋወሩት የቀድሞ የአማርኛ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በሁለተኛው መንገድ የተቀዱ፣ ፒዲኤፍ የሚባሉ ናቸው። በፎቶግራፍ ውስጥ ያለ ፊደል አይፈስም። ስድስት ኢንች ስፋት ባለው የንባብ መሣሪያ ላይ ገጹ በሙሉ ሲቀርብ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ያንሣል፤ ሲያሳድጉት ደግሞ መስመሩ ከመስኮቱ ይወጣና አንባቢው ግራና ቀኝ እየጎተተ ይደክማል። ሰፊ ታብሌት ግን ገጹን በታተመበት መጠን አቅራቢያ ያሳየዋል፤ ማጉላት ቢያስፈልግም በሁለት ጣት ወዲያው ይጎላል።

ለመንግሥት ሠራተኛ ይህ ነገር በይበልጥ ይታያል። የነጋሪት ጋዜጣን ገጽ አስቡ፤ አማርኛው በአንድ ዓምድ፣ እንግሊዝኛው በሌላው ዓምድ፣ ጎን ለጎን ይታተማል። አንቀጹን ከአንቀጽ እያስተያየ የሚያነብ የሕግ ክፍል ባልደረባ ሁለቱንም ዓምዶች በአንድ ጊዜ ማየት አለበት። ይህን በጠባብ መስኮት ላይ ማድረግ በቁልፍ ቀዳዳ አዳራሽ እንደ ማየት ነው። የበጀት ሠንጠረዥም፣ ካርታም፣ የሥራ መመሪያም እንዲሁ ናቸው።

የፊደላችንም ነገር አለ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ልዩ ልዩ ባለሙያዎች በየፊናቸው የአማርኛ መጻፊያ ሠርተው ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። አሁን ያሉት ታብሌቶች የግእዙን ፊደል ከነመጻፊያው ይዘው ይመጣሉ። ለንባብ ብቻ በተሠሩት መሣሪያዎች ላይ ግን ገዢው ከመግዛቱ በፊት ሊፈትነው የሚገባ ጉዳይ ነው፤ ፊደሉ ያልተጫነበት መሣሪያ ለአማርኛው ቃል ፈንታ ባዶ ሣጥኖችን ይደረድራልና።

ከዚህም በላይ፣ በብራና የተጻፉትን የአባቶቻችንን መጻሕፍት ማየት ለሚወድ ሰው ቀለም ግድ ነው። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተቀዱ፣ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ቅጂዎች በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው በሂል የብራና መጻሕፍት ቤት ተቀምጠዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይታያሉ። የማይክሮፊልሙ ቅጂ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም፣ በኋላ በዲጂታል ካሜራ የተነሡት ብራናዎች የቀዩን ቀለምና የሐረጉን ጌጥ ሳይቀር ያሳያሉ። ከንባብ መሣሪያዎች ግን አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ብቻ ናቸው፤ ባለ ቀለሞቹም ቢሆኑ ድምቀታቸው ከታብሌት ያነሠ ነው።

እንግዲህ ታብሌት ያለው የአማርኛ አንባቢ ሁለተኛ መሣሪያ ባለ መግዛቱ ብዙ አይቀርበትም። እንዲያውም በ2014 ዓ.ም. ዩኔስኮ ባወጣው ጥናት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት አገሮች ከ4,000 የሚበልጡ ሰዎች ተጠይቀው፣ ከታብሌት እጅግ በምታንሠው በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ ማንበብ ከጀመሩ ወዲህ ንባባቸው እንደ ጨመረ የሚበዙት መስክረዋል። ሰው ማንበብ ከፈለገ በእጁ ባለው ያነባል።

ነገር ግን፣ ክቡራን አድማጮች፣ ዋናው ጉዳይ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። የንባብ መሣሪያው ትልቁ ሀብት የማይችለው ነገር መብዛቱ ነው። ወሬ በየደቂቃው አያቀብልም፤ የጓደኛን መልእክት አያሰማም፤ የእግር ኳስ ውጤት አይነግርም። ታብሌቱ ግን ይህን ሁሉ ይችላል፤ ችሎታውም ለአንባቢው ፈተና ነው። ሦስት ገጽ ሳናነብ በመስኮቱ ራስ ላይ አንዲት መልእክት ብቅ ትላለች። «ማን እንደ ላከው ብቻ ልይ» እንላለን። ከዚያ ወደ ቪዲዮ፣ ከቪዲዮውም ወደ ገበያ ስንሻገር ሰዓቱ ያልፋል፤ መጽሐፉም በሦስተኛው ገጽ ላይ ተከፍቶ ያድራል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያሉት አባቶቻችን ታብሌትን አላዩም፤ የሰውን ልብ ግን ያውቁ ነበር።

የእንቅልፍም ነገር ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የሚገኙ የእንቅልፍ ሊቃውንት 12 ወጣቶችን ለ14 ቀናት ያህል በጥናት ቤት አስቀምጠው መረመሩ። ወጣቶቹ አምስት ምሽት በአይፓድ፣ አምስት ምሽት ደግሞ በወረቀት መጽሐፍ፣ ከመኝታቸው በፊት ለአራት ሰዓት ያህል እንዲያነቡ ተደረገ። በአይፓድ ባነበቡበት ጊዜ እንቅልፍ የወሰዳቸው አሥር ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው፤ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀው ሜላቶኒን የተባለው የሰውነት ቅመም ቀንሶ ተገኘ፤ በማግሥቱም ጧት ነቅተው ለመነሣት ዳገት ሆነባቸው። እርግጥ ነው፣ መሣሪያው በሙሉ ብርሃኑ እንዲበራ ተደርጎ ነበር፤ አራት ሰዓትም ረዥም ጊዜ ነው። የተመረመሩትም ሰዎች ጥቂት ናቸው። ቢሆንም ጧት በሁለት ሰዓት በቢሮው መገኘት ያለበት ሰው ቸል የሚለው ምክር አይደለም።

ስለ ማስተዋልም የተመረመረ ነገር አለ። በ2018 ዓ.ም. የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ከ2000 እስከ 2017 ዓ.ም. የተደረጉ 54 ምርምሮችን አንድ ላይ አመዛዝኖ፣ ለዕውቀት የሚነበብ ጽሑፍ ከመስኮት ይልቅ በወረቀት ላይ በተሻለ ሁኔታ ወደ ልብ እንደሚገባ አስታውቋል። ልዩነቱም በችኮላ ሲነበብ ይሰፋል። ታሪክና ልብ ወለድ በሚነበብበት ጊዜ ግን ይህን የመሰለ ልዩነት አልታየም። ከዚህ የምንማረው በመስኮት ላይ የመቸኮል ልማድ እንዳለን ነው። ዐይናችን በመስኮት ላይ ወሬ መልቀም ስለ ለመደ፣ መጽሐፉንም እንደ ወሬ ይለቅመዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መሣሪያው የማይከለክለውን አንባቢው ለራሱ መከልከል አለበት። ይህ የሚፈጸምበት መንገድ ከባድ አይደለም፤ በአምስት ነጥብ ልዘርዝረው።

አንደኛ፣ መጽሐፉን አስቀድሞ በታብሌቱ ውስጥ ማስቀመጥ፣ የንባብ ሰዓት ሲደርስ ግንኙነቱን በሙሉ መዝጋት ነው። «የአውሮፕላን ሁነታ» የሚባለውን መንካት ብቻ ይበቃል፤ የተቀመጠ መጽሐፍ ለመነበብ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ራሱን የማያምን ሰው ታብሌቱን በአንድ መተግበሪያ ላይ ብቻ የሚቆልፈውን ሥልት ይጠቀም፤ ይህ በአንድሮይድም በአይፓድም ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ብርሃኑን ከክፍሉ ብርሃን ጋር ማስተካከል፣ ፊደሉንም ሳይቆጥቡ ማሳደግ ነው። የሚበዙት የማንበቢያ መተግበሪያዎች የገጹን ነጭ መልክ ወደ ዳማ ወይም ወደ ጥቁር ለመለወጥ ስለሚያስችሉ፣ ለዐይን የሚስማማውን መርጦ መያዝ ነው።

ሦስተኛ፣ ዐይንን ማሳረፍ ነው። የዐይን ሐኪሞች እንደሚነግሩን መስኮት ዐይንን አያጠፋም፤ ነገር ግን ትኩር ብለን ስናይ መርገብገብ ስለምንቀንስ ዐይናችን ይደርቃል፣ ይደክማልም። ስለዚህ በየ20 ደቂቃው ቀና ብሎ፣ ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ያለውን ነገር ለ20 ሰከንድ መመልከትን ይመክራሉ።

አራተኛ፣ ታብሌቱን ወደ አልጋ ይዞ አለመግባት ነው። ከእራት በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማንበብ፣ ከመኝታ በፊት ያለውን የመጨረሻ ሰዓት ግን ለወረቀት መጽሐፍ ወይም ለቤተ ሰብ ጨዋታ መተው ይሻላል።

አምስተኛ፣ ለዕውቀት የሚነበበውን ደብተርና እርሳስ ይዞ ማንበብ ነው። አንድ ምዕራፍ ሲያልቅ ፍሬ ነገሩን በሁለት መስመር የሚጽፍ ሰው መቸኮሉን ያቆማል፤ ያነበበውም ከልቡ አይጠፋም።

ከዚህ ጋራ የማይለይ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የደራሲው መብት ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን የጥቅም መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። በሕይወት ያለ ደራሲ ለዓመታት ደክሞ ያሳተመውን መጽሐፍ ሌላ ሰው ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም ሲበትነውና እኛም ተቀብለን ስናነበው፣ ከደራሲው መሶብ ላይ እንጀራ ማንሣታችን ነው። በነፃ ማንበብ ለሚሻ ሰው ከረዥም ዘመን በፊት ያረፉ ደራስያን ሥራ አለለት። በ1908 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ አንድ ምሳሌ ነው። በሕይወት ያሉትን ደራስያን ግን መጽሐፋቸውን ገዝተን እናንብብ። ዛሬ ያልተከፈለው ደራሲ ነገ አይጽፍምና፣ ጉዳቱ ዞሮ ወደ አንባቢው ይመጣል።

በገንዘቡ የገዛ አንባቢም ቢሆን የገዛው ነገር እንዴት ያለ እንደ ሆነ ይወቅ። በ2009 ዓ.ም. አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «የእንስሳት እርሻ» የተባሉትን መጻሕፍት መብቱ ከሌለው አቅራቢ የመጡ ናቸው ብሎ ከገዢዎች ኪንድል ላይ በሩቅ ሆኖ ሰርዟቸዋል፤ ገንዘባቸውን ቢመልስም የኩባንያው ሹም በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ማይክሮሶፍትም በ2019 ዓ.ም. የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የተሸጡት መጻሕፍት ከአንባቢዎቹ ጠፍተዋል፤ ገንዘቡ ግን ተመልሷል። ከመደርደሪያ ላይ ያለ የወረቀት መጽሐፍ እንዲህ አይሰወርም። ስለዚህ ለልጆቻችን ልናወርሰው የምንወደውን መጽሐፍ በወረቀት እንያዝ፤ ለዕለት ንባብ የሚሆነውን ታብሌቱ ይሸከምልን።

ይህን ሁሉ ስናገር የንባብ መሣሪያ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በውጭ አገር ቋንቋ በየሳምንቱ መጽሐፍ የሚፈጽም፣ በፀሐይ ላይ ተቀምጦ ማንበብ የሚወድ፣ መብራት በማይገኝበት ስፍራ ለሥራ የሚሰነብት፣ ወይም ሞክሮ ታብሌቱን መግዛት ያቃተው ሰው ቢገዛው ገንዘቡን አላባከነም። ሌላው ግን ከመግዛቱ በፊት አንድ ወር በእጁ ባለው ይሞክር። ግንኙነቱን ዘግቶ፣ በየምሽቱ አንድ ሰዓት አንብቦ፣ በወሩ መጨረሻ ስንት መጽሐፍ እንደ ፈጸመ ይቍጠር። ከፈጸመ መሣሪያው በቅቶታል፤ ገንዘቡንም ለመጽሐፍ ያውለው። ካልፈጸመ ደግሞ የጎደለው መሣሪያ ይሁን ፈቃድ በዚያን ጊዜ ለይቶ ያውቃል።

አባት ወይም እናት ታብሌት ይዘው ሲቀመጡ ልጆች ከአጠገባቸው ሆነው ይመለከታሉ። በዚያ መስኮት ላይ የሚያዩት መጽሐፍ ከሆነ፣ ታብሌት የሚነበብበት ዕቃ እንደ ሆነ ይማራሉ፤ ጨዋታ ብቻ ከሆነም እንደዚሁ ያንኑ ይማራሉ። ይህን ትምህርት ማንም ትምህርት ቤት አይሽረውም።

በዚሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።